ሆድዎን ኦፕራሲዮን ከሆኑ በኋላ ቡአ እንዳይወጣብዎ፦ ከዝግጅት እስከ 3ኛው ወር

ቡአ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወንዶች ብሽሽት ላይ የሚወጣው ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላው ነው፤ ሆድ ተቀዶ ከተሰፋ በኋላ፣ ላይ ቆዳው አምሮ ገጥሞ ሳለ፣ ከሥር ያለው ስፌት ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ ገፍቶ ስለሚያወጣው እብጠት። ሆዳቸው መሀል ለመሀል ተከፍቶ ከተሰፋ 100 ሰዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይደርስባቸዋል።

ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ቡአ ይዞ የተመለሰ ሰው የሚለኝ አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ምንም ከባድ ነገር አላነሳሁም እኮ!» እውነቱን ነው፣ አላነሳም። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አስሏል፣ ሽንት ቤት ገብቶ አምጧል፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ «ይደርቃል» ብሎ ቆይቷል። ጄሪካኑን ፈርቶ ሳሉን ረስቶታል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሸክም የሚመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይያዙ። ክር የሚፈታው ቆዳው ስለገጠመ እንጂ ሆድዎ ስለዳነ አይደለም። የተሰፋ ቁስል በ3ኛው ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በ3ኛው ወር 80 ከመቶ ይደርሳል፤ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም። ሕመሙ የሚጠፋው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ቀጠሮ ተይዞልዎ ከሆነ ከደረጃ 1 ይጀምሩ። በድንገተኛ ገብተው ከሆነ (ትርፍ አንጀት፣ የአንጀት መታጠፍ፣ ድንገተኛ የምጥ ኦፕራሲዮን) በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

ደረጃ 1፦ ከኦፕራሲዮኑ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ

1. ሳሉን ይጨርሱት። አንድ ጠንካራ ሳል ሆድ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ቀላል ዕቃ ከማንሳት እጅግ ይበልጣል። ዕቃውን በቀን አሥር ጊዜ ቢያነሱት ነው፤ ሳሉ ግን ሌሊት ሳይቀር ይመጣል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለዎት የአክታ ምርመራ ያድርጉ። አስም ካለብዎ የሚሳበውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነና ደረቅ ሳል ካስቸገረዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ራሱ ሳል ያመጣል፣ የሚተካውም አለ። በራስዎ ግን አያቁሙት።

2. ሲጋራ ያቁሙ፤ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት። ሲጋራ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ያስላል፣ ቁስሉም ቶሎ እንዳይገጥም ያደርጋል። ከጫት ጋር ካልሆነ አላጨስም የሚሉ ከሆነ ጫቱንም ይተዉት። ሆድ ያደርቃልና ለደረጃ 4 ጠላት ነው።

3. ስኳርና ደም ማነስ ይታዩ። ስኳርዎ ከፍ እንዳለ መቀደድ ቁስል እንዲያመረቅዝ መጋበዝ ነው። ደም ማነስ ካለብዎ ጊዜው ሳይደርስ ይታከሙ።

4. ለሽንት ማማጥ ካለ ይናገሩ። በተለይ በዕድሜ የገፉ አባቶች ፕሮስቴት አስቸግሯቸው በየሌሊቱ እያማጡ ሳለ ለሌላ በሽታ ይቀደዳሉ። ማማጡ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ይቀጥላል፤ ስፌቱ ላይ።

5. ከመጠን ያለፈ ክብደት ካለ ጥቂት ኪሎም ቢሆን መቀነስ ይረዳል። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ራስዎን አያስርቡ፤ የተራበ ሰው ቁስሉ አይገጥምም።

6. ሐኪሙን «ስፌቱ እንዴት ነው የሚሆነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም፣ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት መሀል ለመሀል የተቀደደን ሆድ በሁለት መንገድ ሰፍቶ አወዳድሯል። መርፌውን ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር፣ ስፌቱንም በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት በጥቃቅኑ ከተሰፉት 100 ሰዎች 13ቱ፣ በሰፊው ከተሰፉት ደግሞ 21ዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ቡአ ወጥቶባቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ተቀደው የሚያውቁ ወይም ወፍራም ከሆኑ፣ ከመጀመሪያው ስፌቱን የሚደግፍ ሰው ሠራሽ መረብ ማስገባት ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁ።

*ካልሆነስ?* በቀጠሮው ሳምንት ጉንፋን ከያዘዎ ደውለው ይናገሩ። ቀጠሮዬ ያልፍብኛል ብለው ሳል አይደብቁ። ኦፕራሲዮኑ ድንገተኛ ካልሆነ ሁለት ሳምንት ማዘግየት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ዋዜማውና ዕለቱ

ማታ ወይም ጠዋት ገላዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ፤ እምብርት ውስጥ ያለውን እድፍ አይርሱ። የሆድዎን ፀጉር ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩ። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ ጀርም የሚገባውም በዚያ ነው። መነሳት ካለበት ሆስፒታል ውስጥ በመቁረጫ ማሽን ይነሳል።

ቁስል እንዳይመረቅዝ የሚሰጠው መርፌ መወጋት ያለበት ከመቀደድዎ በፊት ባለው 2 ሰዓት ውስጥ ነው። «መርፌው ተሰጠኝ?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

ይዘው የሚሄዱት፦ ትንሽ ጠንከር ያለ ትራስ (ከሌለ ጋቢ ወይም ፎጣ አጣጥፈው)፣ ወገቡ የማይጠብቅ ልብስ፣ ጎንበስ ሳይሉ የሚጫሙት ነጠላ ጫማ። ትራሷን አይናቁ፤ ሥራዋ ነገ ይጀምራል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አነሳስና አሳሳል

አንጀታቸው ታጥፎ ሌሊት ኦፕራሲዮን የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ስገባ ሁለት ጎረምሳ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘው «አይዞህ አባዬ» እያሉ ከጀርባቸው ቀጥ አድርገው ይስቧቸዋል። ሰውየው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ፋሻው ሥር፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ሆዳቸው ጉብ ብሎ ይታየኛል። ልጆቹ በፍቅር ነው፤ ስፌቱን የሚጎትቱት መሆኑን ግን የነገራቸው የለም። አስታማሚ ሆነው ይህን የሚያነቡ ሁሉ፦ የሆድ ኦፕራሲዮን የሆነን ሰው እጁን ይዘው አያንሱ።

ከአልጋ አነሳሱ እንዲህ ነው።

1. በጀርባዎ እንደተኙ ሁለቱንም ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን አልጋው ላይ ያቁሙ።
2. ትከሻዎና ዳሌዎ እኩል ተያይዘው፣ እንደ ግንድ፣ ወደ ጎን ይገልበጡ። ወገብዎን አይጠምዝዙ።
3. እግርዎን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ይልቀቁ።
4. ያኔውኑ ከታች ባለው ክርንዎና በላይኛው እጅዎ አልጋውን ገፍተው ይቀመጡ። ሲገፉ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ አይያዙት።
5. ተቀምጠው አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ራስዎን ካላዞረዎት ይቁሙ።

ለመተኛት ያንኑ ወደ ኋላ መመለስ ነው፦ መቀመጥ፣ በጎን መውደቅ፣ እግርን ማምጣት፣ መገልበጥ። አስታማሚ መርዳት ከፈለገ ከትከሻው ጀርባ ይደግፍ፣ እግሩን ያውርድለት። በሦስተኛው ቀን አባትየው አጠገባቸው ለተኛው ልጅ «እጅህን አትስጣቸው፣ ዙር!» እያሉ ሲያስተምሩ አገኘኋቸው።

አሳሳሉ ደግሞ እንዲህ፦ ትንሽ ጠንከር ያለች ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ቁስሉ ላይ ያድርጉ፣ በሁለት እጅ እቅፍ አድርገው ይጫኑ፣ ወደ ፊት ጥቂት ጎንበስ ይበሉ፣ ከዚያ ይሳሉ። ለማስነጠስ፣ ለሳቅና ለማስመለስም ያው ነው። ጠያቂ ተሰብስቦ ሲያስቅዎ ትራሷ ከእጅዎ አትራቅ። በጣም ተጫዋች የሆነ ወዳጅ ካለዎት ለሁለት ሳምንት በስልክ ይጠይቅዎ።

ሳልን ማፈን ግን መፍትሔ አይደለም። ፈርተው በደንብ ካልተነፈሱ አክታ ሳንባ ውስጥ ይቋጠራል፣ የሳንባ ምች ይመጣል፣ ከዚያ የሚመጣው ሳል ስፌት አይምርም። ነቅተው ሳሉ በየሰዓቱ 10 ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ። ሐኪም ካልከለከለ በመጀመሪያው ቀን አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ይራመዱ።

*ካልሆነስ?*

- ሕመሙ መተንፈስና መሳል ከከለከለዎ የሕመም ማስታገሻ አንሷል ማለት ነው። ጥርስ መንከስ ጀግንነት አይደለም፤ ይናገሩ።
- ከሰመመን በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰዎ ቶሎ ይንገሩ፤ የሚያቆም መድኃኒት አለ። በራስዎ ሎሚ መጥመጥና ውሃ መጋት አይጀምሩ።
- በስህተት ድንገት ከተነሱና ቁስሉ ላይ «ቷ» ያለ ነገር ከተሰማዎ ይተኙ፣ ፋሻው እየራሰ እንደሆነ ያሳዩ።

ደረጃ 4፦ ሽንት ቤት

ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያወራም፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ግን እዚህ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንጀት ሰነፍ ነው። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች ያደርቁታል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒንም ያደርቃል። ውሃ መጠጣት ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ የለም። በአምስተኛው ቀን ሰውየው ሽንት ቤት ገብቶ ትንፋሹን ይዞ ያምጣል።

1. ሐኪም እስኪፈቅድ አይብሉ። ከዚያ ከፈሳሽ ይጀምሩ።
2. ምግብ ከተፈቀደ በኋላ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ሐኪም የወሰነውን ያህል)።
3. ጎመን፣ ፓፓያ፣ አጃ፣ የተበጠበጠ ተልባ ይውሰዱ። ተልባ ያለ በቂ ውሃ ከተወሰደ ራሱ ሆድ ያደርቃል። ኦፕራሲዮኑ አንጀት ተቆርጦ የተቀጠለበት ከሆነ ገለባ ያለውን ሁሉ መቼ እንደሚጀምሩ ይጠይቁ።
4. በእነዚያ የሚያደርቁ ማስታገሻዎች ላይ ከሆኑ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ድርቀቱ እስኪመጣ አይጠብቁ።
5. ስሜቱ ሲመጣ ወዲያው ይሂዱ። ትራሷን ሆድዎ ላይ ይያዙ፣ አፍዎን ከፍተው በቀስታ እየተነፈሱ ይሞክሩ። ትንፋሽ ከተያዘ ማማጥ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ያቁሙ።
6. በመቀመጫው ሽንት ቤት ከሆነ እግርዎን ዝቅተኛ ዱካ ላይ ያድርጉ። ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ለመነሳት የሚደገፉት ነገር፣ ግድግዳ ላይ የተመታ እንጨትም ቢሆን፣ ያዘጋጁ። ችግሩ ቁጢጥ ማለቱ ሳይሆን አነሳሱ ነው።

*ካልሆነስ?* በአምስት ደቂቃ ካልመጣ ይነሱና ጥቂት ይራመዱ። ሦስት ቀን ካለፈ ሐኪም ያማክሩ። ነገር ግን ሆድዎ ከተነፋ፣ ፈስም ሰገራም ከቆመና የሚያስመልስዎ ከሆነ ይህ ድርቀት አይደለም። ኮሶም፣ ጨውም፣ የማስቀመጫ ኪኒንም አይውሰዱ፤ አንጀት ተዘግቶ ይሆናልና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ቁስሉን ከመግል መጠበቅ

ለቡአ ዋነኛውን በር የሚከፍተው የቁስል ማመርቀዝ ነው። መግል የያዘ ቁስል ከሥር ያለውን ስፌት ያላላል፣ ክር የያዘውንም ሥጋ ያበሰብሳል።

- ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ፋሻውን አይነካኩ፣ ነርስ ካላለ በስተቀር።
- ከዚያ በኋላ፣ ከተፈቀደልዎ፣ ቁስሉ ላይ ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰ መታጠብ ይቻላል። አይሹት፣ አይዘፍዝፉት። በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁት።
- ፋሻ የሚቀይረው ሰው ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠያቂ ገልጦ አይይልዎ።
- ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ፣ አልኮል፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከካፕሱል የተፈታ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ምንም አያድርጉበት። ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ጋግሮ መግሉን ከሥር ይደብቀዋል። የእናት ምክር በክብር ይሰማል፣ ቅቤው ግን ለራስ ይሁን።
- ክር የሚፈታበት ቀን (ለሆድ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን) ሲደርስ ሰፈር ባለ ሰው በመቀስ አያስፈቱ።

ዙሪያው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ሽታ ወይም መግል ካለ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ቀን ይታዩ። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተው ጊዜ አይግደሉ። የተቋጠረ መግል ሁለት ሦስት ክር ተፈቶ መውጣት አለበት፤ ኪኒን ብቻውን አያወጣውም።

አደጋ! ቁስሉ ከተከፈተ

ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በተለይ ከሳል ወይም ከማስመለስ በኋላ፣ ድንገት ብዙ ሮዝ መልክ ያለው ውሃ ፋሻውን ካራሰው ከሥር ያለው ስፌት ተፈትቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ላይ ቆዳው የተዘጋ ቢመስልም ይህን አይጠብቁት።

1. ወዲያው በጀርባ ይተኙ፣ ጉልበትዎን ያጥፉ።
2. አንጀት ከወጣ አይንኩት፣ ወደ ውስጥ አይግፉት።
3. ንጹሕ ጨርቅ ኖርማል ሳላይን በሚባለው የሕክምና ጨው ውሃ (ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ) አርሰው ይሸፍኑት። ሲደርቅ ደግመው ያርሱት።
4. ምንም አይብሉ፣ ምንም አይጠጡ። ውሃም ጠበልም ቢሆን።
5. ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥሩ። ካልተገኘ ተኝተው የሚሄዱበትን መኪና ይያዙ፤ ባጃጅ ላይ ተጣጥፈው አይቀመጡ።

ደረጃ 6፦ ምግብና ጾም

ቁስል የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። ሾርባና አጥሚት ብቻ የሚጠጣ በሽተኛ ሆዱ ይሞላል እንጂ ስፌቱ አይጠነክርም። ምግብ ከተፈቀደልዎ በኋላ በየማዕዱ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት ወይም እርጎ አንዱ ይኑር። በጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለበሽተኛ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው። ጾሜን አልፈታም ካሉ ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በየቀኑ፣ ጠግበው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱን ግን ለዚህ ሁለት ወር ይተዉት። ጠጥቶ የሚያስመልስ ጠበልም እንዲሁ ይቆይ።

ደረጃ 7፦ ሸክም፣ ሥራና ስግደት

አሁን ወደ ጄሪካኑ። ለትልቅ የሆድ ቅድ ሐኪሞች በተለምዶ የሚሰጡት ወሰን ይኸው፤ የእርስዎ ሐኪም የተለየ ካለ የእሱ ይቀድማል።

*እስከ 2ኛው ሳምንት፦* ሙሉ ማንቆርቆሪያ ካለፈ ብዙ ነው። መራመድ ግን በየቀኑ፣ እየጨመሩ።

*እስከ 6ኛው ሳምንት፦* ከ5 ኪሎ አይለፉ። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ሙሉ ውሃ ልክ ይህ ወሰን ነው። ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው። የማድ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ ከ20 ኪሎ ያልፋል። የአንድ ዓመት ሕፃን 9 እና 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ እናት ቁጭ ትበል፣ ልጁን ሌላ ሰው ጭኗ ላይ ያስቀምጥላት። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት አራሱን ልጅ ማቀፍ ትችላለች፤ የማይሆነው ታላቁን ማዘል ነው። ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ ማቡካት፣ ብርድ ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ አልጋና ሶፋ መግፋትም ሸክም ነው፣ በኪሎ ባይመዘንም።

*ከ6ኛው ሳምንት እስከ 3ኛው ወር፦* ሐኪም ካየዎ በኋላ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ። ካመመዎ ወደ ኋላ ይመለሱ። በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ብሎ የመነሳት ስፖርት አሁንም አይሠራም።

*ከ3ኛው ወር በኋላ፦* እርሻ፣ የቀን ሥራ፣ ኳስ። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ግን የመጀመሪያው ቀን ሥራ አይሁን።

በካሜራ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሠራ ከሆነ ጊዜው ያጥራል፤ ብዙውን ጊዜ 2 ሳምንት ገደማ ነው። ቢሆንም የእምብርቱ ቀዳዳ ትልቁ ስለሆነ ቡአ የሚወጣው በዚያ ነው።

ዕቃ ሲያነሱ ጉልበትዎን ያጥፉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ፣ ሲያነሱ ትንፋሽ ያውጡ። «እህ!» ብለው ትንፋሽ ይዘው የሚያነሱት ነገር ለእርስዎ ገና ከባድ ነው። ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም።

ስግደት፦ ከቁመት እስከ ግንባር መሬት እየደጋገሙ መውደቅና መነሳት ለሆድ ከባድ ሥራ ነው። ሕማማት ከ3ኛው ወር በፊት ከደረሰብዎ ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ። ሶላትም ለበሽተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰገዳል።

ሥራ፦ ደመወዝተኛ ከሆኑ የሕመም ፈቃዱ ሲያልቅ «ቀላል ሥራ ላይ ይመደብ» የሚል ወረቀት ያጽፉ። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ሐኪሙ የኪሎውን ወሰንና የሳምንቱን ቁጥር በዓረብኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። «እረፍት ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት ማዳም ሶፋ ከማስገፋት አያግዳትም፤ ቁጥር ግን ይከራከራል።

ቀበቶ፦ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሆድ ቀበቶም ሆነ የአራስ መቀነት ሕመም ያቀልላል፣ ለመራመድም ያደፋፍራል። ቡአን እንደሚከላከል ግን አልተረጋገጠም። ከፈለጉ ሲራመዱ ይታጠቁት፣ ሲተኙ ይፍቱት። ትንፋሽ እስኪያጥር አያጥብቁት። ቀበቶ ታጥቄያለሁ ብለው ጄሪካን ካነሱ ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ።

ደረጃ 8፦ ራስን መፈተሽ

ይህ ቡአ በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ውስጥ ነው። እስከ 3ኛው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይፈትሹ።

1. መስታወት ፊት ይቁሙ፣ መዳፍዎን ጠባሳው ላይ ዘርግተው ቀስ ብለው ይሳሉ። እጅዎን የሚገፋ ነገር አለ?
2. ይተኙ። እብጠቱ ይጠፋል?
3. እንደተኙ ራስዎን ብቻ ከትራሱ ጥቂት ቀና ያድርጉ (ከ6ኛው ሳምንት በኋላ)። ጠባሳው ላይ ጉብ ይላል?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጠባሳው ሥር እንደ ገመድ ጠንከር ያለ መስመር ቢዳስሱ አይደንግጡ። ሲያስሉ የማይገፋ፣ ሲተኙም የማይጠፋ ከሆነ የመዳን ምልክት ነው። ሲቆሙ ወጥቶ ሲተኙ የሚገባው ነው የሚጠረጠረው።

*ቡአ ከወጣስ?* የሚገባና የማያም ከሆነ በዚያ ሌሊት የሚያስሮጥ አይደለም። ቀጠሮ ይያዙ፣ ተመርምሮ ጊዜው ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ በመረብ ተደግፎ ይሠራል። እስከዚያው ደረጃ 1ን እንደገና ይጀምሩ፤ ሳሉ፣ ሲጋራው፣ ስኳሩ ለሁለተኛው ኦፕራሲዮንም ያው ናቸው። ወጌሻ ጋ ሄደው አያሳሹት። ወጌሻ አጥንት ያውቅ ይሆናል፤ እዚያ እጁ ሥር ያለው ግን አንጀት ነው፣ በኃይል ሲገፋ ሊቀደድ ይችላል።

እብጠቱ ከጠነከረ፣ አልገባ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ማስመለስ ከጀመረ፣ ፈስ ከቆመ አንጀቱ ታንቋል። ነጋ አልነጋ ሳይሉ ይሂዱ። ከቤት ሳይወጡ ሦስት ነገር ይያዙ፦ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን የድሮ ወረቀት፣ እብጠቱ የጠነከረበትን ሰዓት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበሉበትንና የጠጡበትን ሰዓት። ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እነዚህን ነው።